የአደባባይ ሰው እንዴት ይጠናል?
ስለ ዊልያም ዋይት ሥራ የቀረበ ሂስ

ዊልያም ዋይት የተባሉት አሜሪካዊ ጸሐፊ፣ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የትንንሽ የከተማ ቦታዎች ማኅበራዊ ኑሮ» የሚሆነውን መጽሐፋቸውን ያሳተሙት በ1980 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) መጽሐፉ በገጹ ብዛት ትንሽ ነው፤ በዚሁ ስም የተጠራ ፊልምም አለው። ይሁን እንጂ ሰዎች በከተማ አደባባይ ላይ እንዴት እንደሚቀመጡ፣ እንደሚቆሙና እንደሚነጋገሩ ለማጥናት የሚነሣ ተማሪ፣ ዛሬም ቢሆን ይህን ሥራ አልፎ ሊሄድ አይችልም።

ሥራውን ማመስገን ቀላል ነው፤ ብዙዎችም አመስግነውታል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ምስጋናውን ሳያጓድል አንድ ጥያቄ ማቅረብ ነው። ይኸውም፣ በአደባባዩ ላይ የተቀመጠውን ሰው በጥንቃቄ የሚቈጥር ጥናት ስላልመጣው ሰውና እንዲነሣ ስለተደረገው ሰው ምን ሊነግረን ይችላል? የሚል ነው። ጥያቄው የትምህርት ቤት ክርክር ብቻ አይደለም። ቈጠራ ወደ ሕግ ይለወጣል፤ ሕጉም ድንጋይና ወንበር ሆኖ ይተከላል። ያን ጊዜ በቈጠራው ውስጥ ያልገባ ሰው በአደባባዩም ላይ ቦታ ያጣል።

ሚስተር ዋይት (1917–1999) በሙያቸው ጋዜጠኛ ነበሩ። ፎርቹን በተባለው መጽሔት ሲሠሩ ቈይተው፣ በ1956 ስለ ትላልቅ ኩባንያ ሠራተኞች ኑሮና አስተሳሰብ ባሳተሙት መጽሐፍ ስማቸው ታወቀ። ወደ አደባባይ ጥናት የመራቸው ግን የኒው ዮርክ ከተማ አንድ ደንብ ነው። በ1958 በፓርክ አቬኑ ላይ ተሠርቶ ያለቀው፣ ሚስ ቫን ደር ሮኸ ከፊሊፕ ጆንሰን ጋር የነደፉት የሲግራም ሕንፃ፣ ከመንገዱ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ በፊቱ ሰፊ ክፍት ቦታ ትቶ ነበር። ከዚያ በኋላ በ1961 በወጣው የቦታ አጠቃቀም ደንብ፣ በሕንፃው ፊት ለሕዝብ ክፍት የሚሆን ቦታ የሚተው ባለሕንፃ ተጨማሪ ፎቅ እንዲሠራ ተፈቀደለት። እጅግ ጥቅጥቅ ብለው በተሠሩት የከተማው ክፍሎች ለአንድ ካሬ ሜትር ክፍት ቦታ እስከ ዐሥር ካሬ ሜትር ተጨማሪ የወለል ስፋት ይገኝ ነበር። ባለሕንፃዎቹ ዕድሉን በሚገባ ተጠቀሙበት። ዳሩ ግን ከተሠሩት አደባባዮች ብዙዎቹ ሰው የማይቀመጥባቸው ባዶ ድንጋይ ሆነው ቀሩ።

እንግዲህ ሚስተር ዋይት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከወጣት ረዳቶቻቸው ጋር የተነሡበት ጥያቄ ከዚህ የመነጨ ነው። አንዱ አደባባይ ስለ ምን ይሞላል? ሌላውስ ስለ ምን ባዶ ይሆናል? ሕዝቡ ተጨማሪ ፎቅ ፈቅዶ የሰጠውን ያህል ዋጋ አግኝቷልን? ይህን መነሻ ማስታወስ ይገባል፤ ምክንያቱም ጥናቱ በመጀመሪያ የአንድ ውል ምርመራ ነበረ። ለእንዲህ ያለ ምርመራ ደግሞ የተቀመጡትን ሰዎች መቍጠር ትክክለኛ መለኪያ ነበር።

የአሠራራቸው ዘዴ ቀላል ነው። በየጥቂት ሴኮንዱ አንድ ሥዕል የሚያነሣ ካሜራ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ይተክላሉ፤ ረዳቶቹም የአደባባዩን ንድፍ በእጃቸው ይዘው፣ እያንዳንዱ ሰው የት እንደ ተቀመጠ፣ ወንድ ወይም ሴት እንደ ሆነ፣ ብቻውን ወይም ከባልንጀራ ጋር እንደ መጣ ምልክት ያደርጋሉ። ከዚህ ትዕግሥት የተገኘው ፍሬ ብዙ ነው። አርክቴክቶች የአንድን አደባባይ መሙላት በስፋቱ፣ በቅርጹ ወይም በውበቱ ሊያስረዱ ይሞክሩ ነበር፤ ቈጠራው ግን ከእነዚህ አንዱም ብቻውን በቂ ምክንያት አለመሆኑን አሳየ። ሰዎች በብዛት የሚቀመጡት መቀመጫ ባለበት ቦታ ነው። ይህ ሲነገር ሁሉም የሚያውቀው ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በብዙ ሚሊዮን ዶላር የተሠሩት አደባባዮች ይህን የማያውቁ ነበሩ። የሲግራም አደባባይ በመልካም ቀን 150 ያህል ሰው ይቀመጥበት የነበረው፣ ደረጃዎቹና በውሃ ገንዳዎቹ አጠገብ ያሉት የድንጋይ ጠርዞች ለመቀመጫ የሚመቹ ስለሆኑ ነው።

ከዚህም ቀጥሎ ፀሐይ፣ ከነፋስ መጠለል፣ ዛፍ፣ ውሃ፣ የሚበላ ነገርና ከመንገዱ ጋር ያለው ቅርበት አንድ በአንድ ተመርምረዋል። በ1967 የተከፈተው የፔሊ መናፈሻ ወርዱ 13 ሜትር፣ ርዝመቱ 30 ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ በግንቡ ላይ በሚወርደው ውሃና ወዲያ ወዲህ ሊንቀሳቀሱ በሚችሉት ወንበሮቹ ከብዙ ሰፋፊ አደባባዮች የሚበልጥ አገልግሎት ሰጥቷል። ሚስተር ዋይት ስለ እነዚህ ወንበሮች ያዩት ነገር የሚያስደስት ነው። ሰው ከመቀመጡ በፊት ወንበሩን ጥቂት ጣት ያህል ፈቀቅ ያደርገዋል፤ ብዙ ጊዜም መጀመሪያ ከነበረበት ቦታ አይርቅም። ይህ ድርጊት ለፀሐይ ወይም ለጥላ ሲባል የተደረገ አይደለም። ሰውየው መምረጥ መቻሉን ለራሱ ያረጋግጣል፤ ከጎረቤቱም ጋር ያለውን ርቀት በትሕትና ያስታውቃል።

ከሁሉ የሚደነቀው ግን የመንገድ ላይ ጭውውት ጥናት ነው። ሚስተር ዋይት በአምስተኛው አቬኑና በ50ኛው መንገድ ማዕዘን አጠገብ ሰዎች ሲገናኙ የት ቆመው እንደሚነጋገሩ መዘገቡ። አስቀድመው የገመቱት፣ ተነጋጋሪዎቹ ከሚተላለፈው ሕዝብ ወጣ ብለው ወደ ግንቡ ይጠጋሉ ብለው ነበር። የታየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ሰዎቹ በተላላፊው መካከል ይቆማሉ፤ እንዲያውም ወደ መካከሉ ይገባሉ። ፍቅረኞችም ገለልተኛ ጥግ ሲፈልጉ አልተገኙም፤ ፊት ለፊት በሚታይ ስፍራ ተቀመጡ። ሰው ሲጠየቅ ከግርግር መራቅ እፈልጋለሁ ይላል፤ እግሩ ግን ሰው ወዳለበት ይወስደዋል። የዚህ መጽሐፍ ትልቁ ትምህርት፣ ተመልካች ከአስተያየቱ ይልቅ ዓይኑን እንዲያምንና ግምቱን በታየው ነገር እንዲያርም ማስተማሩ ነው።

ሥራውም በመደርደሪያ ላይ አልቀረም። በ1975 የኒው ዮርክ ደንብ ተሻሽሎ፣ ለእያንዳንዱ 30 ካሬ ጫማ አደባባይ አንድ ጫማ ርዝመት ያለው መቀመጫ እንዲሠራ ታዘዘ። ከአንድ የጥናት ጽሑፍ የበለጠ ምን ይጠበቃል? ሆኖም ሂሳችን የሚጀምረው ከዚሁ ውጤት ላይ ነው፤ ለአንድ ውል ምርመራ የተበጀው መለኪያ ከዚያ ወዲህ የማንኛውም አደባባይ መለኪያ ወደ መሆን አዘንብሏልና።

የመጀመሪያው ነጥብ ስለ ተመልካቹ ሰዓት ነው። ዋናው ቈጠራ የተካሄደው በማንሃታን መካከል፣ ደኅና አየር ባለበት የሥራ ቀን፣ በምሳ ሰዓት ነው። በዚያን ሰዓት የሚታየው ሰው በአብዛኛው ከአቅራቢያው ቢሮ የወረደ ወጣት ሠራተኛ ነው፤ ይህን መጽሐፉ ራሱ አይሸሽግም። ዳሩ ግን ድምዳሜው ላይ ሲደርስ «የቢሮ ሠራተኛው በምሳ ሰዓት» የሚለው ቀርቶ «ሰዎች» ይሆናል። የፅዳት ሠራተኛዋ በሌሊት ስታልፍ ከአደባባዩ ጋር ያላት ግንኙነት ምንድን ነው? በእሑድስ ማን ይመጣል? መጽሐፉ ለእነዚህ የሚሰጠው ቦታ ጠባብ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ የታየውን ድርጊት ከምክንያቱ ጋር ስለማገናኘት ነው። ሚስተር ዋይት የሴቶች ቍጥር ዝቅ ያለበት አደባባይ አንድ ጉድለት እንዳለበት አስተውለዋል። ይህ ጥሩ አስተውሎ ነው። ምክንያቱን ሲያስረዱ ግን፣ ሴቶች ከወንዶች ይልቅ ቦታ የሚመርጡ ስለሆኑ ነው ይላሉ። ካሜራው ያየው የሴቶቹን ቍጥር ማነስ ብቻ ነው፤ መምረጣቸውን አላየም። ያልመጣች ሴት መርጣ ይሁን፣ ፈርታ ይሁን፣ ወይም ትናንት የተነገራት ክፉ ቃል ከልቧ ሳይጠፋ ቀርቶ ይሁን፣ ባዶው መቀመጫ ሊመሰክር አይችልም። ይህን ለማወቅ ከአደባባዩ ወጥቶ፣ በማዶ በኩል ዞራ የምትሄደዋን ሴት መጠየቅ ያስፈልጋል። ወንዶች በጠርዙ ላይ ተደርድረው አላፊ አግዳሚዋን ሴት ሲመለከቱ መዋላቸውንም መጽሐፉ እንደ ቀላል ጨዋታ ያልፈዋል፤ ጨዋታ መሆኑን ግን ከተመልካቾቹ በቀር የምትታየዋ አልተጠየቀችም።

ሦስተኛውና ዋናው ነጥብ «የማይፈለጉ» ስለተባሉት ሰዎች ነው። እዚህ ላይ ለደራሲው ፍርድ እንዳይጓደል መጠንቀቅ ይገባል። ሚስተር ዋይት፣ ባለሕንፃዎች ሰካራምንና ቤት የሌለውን ሰው ፈርተው በጠርዙ ላይ ሹል ብረት መትከላቸውን በብርቱ ነቅፈዋል። ከሰካራሙ ይልቅ እርሱን ለማባረር የሚደረገው ነገር አደባባዩን ያበላሻል ብለው አስረድተዋል። ተዘዋዋሪ ምግብ ሻጮችንም ፖሊስ ሲያሳድዳቸው እርሳቸው ደግፈዋቸዋል፤ ሻጭ በቆመበት ቦታ ሕይወት መኖሩን ዐውቀዋልና። ስለዚህ ደራሲው ደኻ ጠል ናቸው የሚል ሰው መጽሐፉን አላነበበም።

ይሁን እንጂ መድኃኒታቸውን እንመልከት። ቦታውን ለሌላው ሰው ሁሉ ማራኪ አድርጉት፤ ብዙ ሰው ሲመጣ የማይፈለጉት ቍጥራቸው አናሳ ይሆናል፤ ይላሉ። እነዚህ ሰዎች በዚህ አሳብ ውስጥ ያላቸው ድርሻ በሌላው ብዛት መዋጥ ብቻ ነው። እነርሱ ራሳቸው ከቦታው ምን እንደሚፈልጉ፣ ከዚያ ሲሄዱም ወዴት እንደሚሄዱ የሚጠይቅ ምዕራፍ የለም። ይህ ክፍተት በኋላ ምን እንዳስከተለ የብራያንት መናፈሻ ታሪክ ያሳያል። መናፈሻው በ1970ዎቹ የዕፅ ሻጮች መዋያ ሆኖ ነበር። ሚስተር ዋይት ቦታውን መርምረው፣ ከመንገዱ የሚጋርዱት አጥሮች ሕገ ወጡን ሥራ እንደሚሸፍኑ ገልጸው፣ መግቢያዎቹ እንዲሰፉና ቦታው ግልጥ እንዲሆን መከሩ። መናፈሻው በ1988 ለእድሳት ተዘግቶ በ1992 ተንቀሳቃሽ ወንበሮችን ይዞ ተከፈተ፤ ወዲያውም በሰው ተሞላ። በቈጠራ ረገድ ድሉ የማያጠራጥር ነው። የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር የሆኑት ሻሮን ዙኪን ግን በ1995 ባሳተሙት መጽሐፍ ሌላውን ገጽታ አሳዩ። የሕዝብ ቦታ በግል ማኅበር አስተዳደርና ዘበኛ ሲጠበቅ፣ ለቦታው የሚገባውና የማይገባው ሰው ማን እንደ ሆነ የሚወስነው ገንዘብ ያለው ወገን ይሆናል። ወንበሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሚቀመጥበትን ሰው የሚመርጠው ሥርዓት ግን በፊልሙ ላይ አይታይም።

ደንቡ ያፈራቸው ቦታዎች በጠቅላላው እንዴት እንደ ሆኑም ተመርምሯል። ጄሮልድ ኬይደን ከኒው ዮርክ ከተማ መሥሪያ ቤትና ከአንድ ማኅበር ጋር ሆነው በ2000 ባወጡት ጥናት፣ በ320 ሕንፃዎች ሥር 503 እንዲህ ያሉ ቦታዎች ተቈጥረው፣ ከመቶው 41 ያህሉ ጥቅማቸው እጅግ አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ የምንረዳው፣ መቀመጫን በሕግ ማዘዝ ባለቤቱን በሩን እንዲከፍትና ሰውን በመልካም ፊት እንዲቀበል አያደርገውም ማለት ነው።

በ2011 የሆነው ደግሞ ክርክሩን ይበልጥ ግልጥ አደረገው። በዚያ ዓመት በመስከረም ወር የሀብት አከፋፈልን የሚቃወሙ ሰዎች ከዎል ስትሪት አጠገብ ባለው በዙኮቲ መናፈሻ ውስጥ ሰፈሩ። ይህ ቦታ በግል ባለቤትነት ያለ፣ ነገር ግን ከከተማው ጋር በተደረገ ውል ለሕዝብ ክፍት የሆነ ነው። ሰዎቹ ተቀመጡ፣ በሉ፣ ተወያዩ፣ የማያውቁትን ሰው አነጋገሩ፤ ሚስተር ዋይት የመልካም አደባባይ ምልክት ያሉት ነገር ሁሉ ተፈጸመ። ባለቤቱ ግን ድንኳን መትከልንና መተኛትን የሚከለክል መመሪያ አወጣ፤ በኅዳር ወር ፖሊስ በሌሊት ገብቶ አስለቀቃቸው። በቈጠራ ብቻ ብንፈርድ ቦታው ከሁሉ የተሳካ ነበር። ሰው ምሳውን ሊበላ ሲቀመጥና አቤቱታውን ሊያሰማ ሲቀመጥ በካሜራው ዓይን አንድ ናቸው፤ በባለቤቱ ዓይን ግን አንድ አልነበሩም።

በዚህ ስፍራ የእኛው ቋንቋ ሊረዳን ይችላል። በኒው ዮርክ ደንብ «ፕላዛ» የተባለውን «አደባባይ» ብለን እንተረጕመዋለን፤ ነገር ግን የአማርኛው ቃል የሚሸከመው ከዚያ ይበልጣል። አደባባይ ዋለ ሲባል ዳኝነት ከሚሰማበት፣ ነገር ከሚታይበት ስፍራ ተገኘ ማለት ነበር። የአደባባይ ሰው፣ በአደባባይ መናገር፣ የአደባባይ ምስጢር፤ እነዚህ ሁሉ መታየትንና መሰማትን የሚያመለክቱ ናቸው። የአማርኛው አደባባይ በመጀመሪያ የመቀመጫ ጉዳይ አይደለም፤ ሰው በሰው ፊት የሚቆምበት ጉዳይ ነው። ስለዚህ የሚስተር ዋይትን መለኪያ ወደ አዲስ አበባ ስናመጣ የቃሉን ግማሽ ብቻ እንዳንለካ ያሠጋል።

የመስቀል አደባባይን ለምሳሌ እንውሰድ። በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ተብሎ የሰልፍ ሜዳ ሆኖ ነበር፤ በየዓመቱ መስከረም 16 ቀን ደመራ ይደመርበታል። ዙሪያውን የከበቡት ደረጃዎች በቅርጻቸው መቀመጫ ናቸው። ነገር ግን ጎሕ ሲቀድ ሯጮች በእነዚሁ ደረጃዎች ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲመላለሱ ለብዙ ዓመታት ታይተዋል። የምሳ ሰዓት ቈጣሪ እነርሱን አያገኛቸውም፤ የደመራው ዕለት ቈጣሪ ደግሞ ቦታው ሁልጊዜ ሙሉ ነው ብሎ ይጽፋል። በሁለቱ መካከል ያለው የሎተሪ አዟሪው፣ የሊስትሮውና የሱቅ በደረቴው ነገር፣ ማለትም የት ይቆማሉ? ማን ያስነሣቸዋል? ስንት ደቂቃ ቈይተው ይመለሳሉ? የሚለው፣ ለጥናት የሚገባ ሆኖ ሳለ ከቈጠራው ሠንጠረዥ ውጭ ይቀራል።

ቈጠራው ራሱም በዘመናችን ሌላ መልክ ይዟል። ኪት ሃምፕተንና ባልደረቦቻቸው የሚስተር ዋይትን የዘመን ፊልሞች ከ2008 እስከ 2010 በየቦታው ከተነሡ አዳዲስ ፊልሞች ጋር አስተያዩ። ብቻውን የሚታየው ሰው በአደባባዮቹ ላይ ቀንሶ፣ በቡድን የሚታየው ጨምሮ አገኙት፤ የስልክ አጠቃቀሙም ሰው እንደሚያወራው ያህል አልነበረም። በ2025 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ተመሳሳዮቹን ፊልሞች በኮምፒዩተር አስነብቦ፣ ሰዎች በ1980 ከነበሩት ይልቅ በ2010 ከመቶ 15 ያህል ፈጥነው እንደሚራመዱና ቆም ብሎ መቈየትም እንደ ቀነሰ አመለከተ። ከአንድ መዝገብ አንዱ የሚያጽናና፣ ሌላው የሚያሳስብ ነገር አወጣ። ሁለቱም ሐሰት አልተናገሩም፤ የጠየቁት የተለያየ ነው። እንግዲህ ፊልም በራሱ አይናገርም፤ የሚናገረው ለተጠየቀው ጥያቄ ነው።

ከዚህም ጋር አንድ የሥነ ምግባር ጉዳይ አለ። የሚስተር ዋይት ረዳቶች ሰዎችን ሳያስታውቁ ቢያዩም፣ በዚያው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው በዚያው ፀሐይ የሚሞቁ ነበሩ፤ ሊታዩም፣ ሊጠየቁም ይችሉ ነበር። ኮምፒዩተሩ ግን ሁሉን እያየ እርሱ አይታይም። ያንኑ ካሜራ ተመራማሪ መቀመጫ ለመጨመር፣ ዘበኛ ደግሞ የተቀመጠውን ለማስነሣት ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ከላይ ከተባለው የሚከተለው፣ የሚስተር ዋይትን ዘዴ መተው ሳይሆን ማሟላት ነው። ከተማችንን ለማጥናት የሚነሣ ተማሪ ንድፉንና እርሳሱን ይያዝ፤ ይቍጠርም። ነገር ግን ከምሳ ሰዓት ጋር ጎሕንና ማታን፣ ከሥራ ቀን ጋር በዓልን ይጨምር። የተቀመጠውን ከመዘገበበት ዐምድ አጠገብ፣ የተነሣውንና ያስነሣውን የሚመዘግብበት ሌላ ዐምድ ያስምር። ስለ ምክንያት ከመጻፉ በፊት ባለጉዳዩን ይጠይቅ፤ በተለይም ቦታውን ዞሮ የሚያልፈውን። ይህን ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ሚስተር ዋይት ያስተማሩን ትዕግሥት፣ እርሳቸው ካቆሙበት ጥቂት እርምጃ አልፎ ከአደባባዩ ጠርዝ ውጭ መቆም ነው።